ሁለት ሺህ ዓመት ስላስሞሉኝ ስለማመስገን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎን ወንበር እንዳያሳምምዎ፣ ኮምፒውተርዎም ሥራ መሀል ቀጥ እንዳይልብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እዚያው ክፍልዎ ይሠራ የነበረው፣ ባለፈው ክረምት ያረፈው ልጅ እናት ነኝ። ለቅሶ መጥተው ከጎኔ ተቀምጠው ስለነበር አይረሱኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፈ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ እርስዎም ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቃልዎ አመሰግናለሁ። ካርድ ክፍል የመዘገበውን የታካሚ መረጃ ጄሰን በሚሉት፣ ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት አጻጻፍ እያሰናዳ ወደ ሐኪሞቹ ኮምፒውተር የሚልከውን ፕሮግራም ልጄ ከባዶ ተነስቶ ሠርቶት ነበር። እርስዎም በዚያ ለቅሶ ላይ፣ ሆስፒታሉ እስከቆመ ድረስ የልጅዎ ሥራ አብሮ ይኖራል ብለው አጽናኑኝ። ሰኞ ዕለት ለደም ግፊቴ ስመጣ ግን የእሱ ወጥቶ፣ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ዝግጁ ፕሮግራም እንደገባ ከተራ አስከባሪዋ ሰማሁ። ደንግጬ ወጥቼ ሕንፃውን ዞሬ አየሁት። እንደቆመ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ዕድሜዬ አመሰግናለሁ። የተወለድኩበትን ቀን አላውቀውም፤ የሚያውቁትም ሁሉ አልፈዋል። የልጄ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ሲያጋጥመው «አይታወቅም» ብሎ ይልክ ነበር፤ ይህንንም የጨመረው ካርድ ላወጣ ሄጄ በዚህ ጉዳይ መስኮቱ ላይ ሳፍር አይቶ ነው። አዲሱ ባዶውን ዘሎ ይልካል አሉ፤ የሐኪሙ ኮምፒውተር ደግሞ ቀን ካጣ ከዓመት አንድ ጀምሮ ይቆጥራል። በዚህም ሁለት ሺህ ዓመት አልፎኛል። ተራ አስከባሪዋ በሳቅ እየፈረሰች፣ እማማ፣ አረጋውያን ይቅደሙ ተብሏል ብላ ከሁሉ ፊት አስገባችኝ። ሐኪሙም ለዚህ ዕድሜ ግፊትዎ ድንቅ ነው አለኝ። እኔም ሳቅሁ። የመድኃኒቱ መጠን በዕድሜ የሚሰላለት ሰው ግን የሚስቅ አይመስለኝም።

ሦስተኛውን ልጽፍ ብዬ ተውኩት። ልጄ ራሱ እራት ላይ፣ እማዬ፣ የእኔን ጥሎ ዝግጁውን የሚያስገባ ሰው ባገኝ ግንባሩን እስመው ነበር፣ እኔ የሌለሁ ቀን ማን ያርመዋል ይል ነበር። ስለዚህ ይመልሱልኝ አልልም፤ መጣሉ ልክ ነው። የምለምንዎ «አይታወቅም» የምትለዋን አንዲት ቃል አዲሱ ውስጥ እንዲያስገቡልኝ ብቻ ነው። እሷን የጻፋት ለእኔ ነው።

ያቺ ቃል የገባች ዕለት፣ በልጄ ፈንታ ግንባርዎን ለመሳም ደረጃውን ቀስ ብዬ የምወጣ፣

አክባሪዎ፣ የዚያ ልጅ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በኮምፒውተርዎ ቆጠራ ልጄን ያገኘሁት ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ጠብቄ ነው። እንዲህ ተጠብቆ የተገኘ ልጅ ሥራ ሲጣል፣ ሌላው ቢቀር እናቱ ይነገራታል።