በራችን ላይ ያለው የአባትህ ፎቶ

ልጄ ያቮር፣ እመቤታችን በሄድክበት ሁሉ ትከተልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ በርሜሉ ውስጥ በጨው የዘፈዘፍኩት ጎመንም ደህና አድርጎ ኮምጥጧል።

ከጓደኞችህ ጋር ማሽን በተፋው በረዶ ላይ ልትንሸራተቱ መጥታችሁ፣ ፊት ለፊታችን ባለው በጎረቤታችን በራንጌል ሆቴል እንደምታርፉ ሰማሁ። በየሙት ዓመቱ በራችን ላይ የምለጥፈውን የአባትህን ፎቶ ዘንድሮ የገነጠለው እኮ ራንጌል ነው!

«እማማ፣ ሬሳ እያየ ማን ቁርስ ይበላል? እንግዶቼን አያስደንግጡብኝ» አለኝ።

«ሞቶም ካንተ ያምራል» አልኩት።

መልሼ ለጥፌዋለሁ። አልጋህን አንጥፌያለሁ፤ ጓደኞችህም ምድጃው አጠገብ ይተኛሉ። አባትህ እያየህ እዚያ ሰውዬ ቤት እንዳትገባ። ስትመጣ ዝናብም ራንጌልም የማያላቅቀው ሙጫ አምጣልኝ።

ዕድሜህን ያርዝመው።

እናትህ ፅቬታና