የባንጊን መስህቦች ስላስጎበኙን የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የቤተሰብ ቪዛ ማመልከቻ መርማሪ ኃላፊ፤
ሜልቦርን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? የሰሞኑ ሙቀት መሃል ከተማ ካለው ቢሮዎ ድረስ ዘልቆ እንዳላስቸገርዎ፣ አየር ማቀዝቀዣውም ያለ እንከን እየሠራ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሀጂራ የምባል፣ እዚሁ ሜልቦርን ማሪቢርኖንግ ሰፈር ከእናቴ ጋር የምኖር የወሎ ተወላጅ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ አብዱልናስር ጨርቅ ሊነግድ በሄደበት በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ፣ በባንጊ፣ ጦርነቱ መውጫ ስላሳጣው ወደ እኛ እንዲመጣ ያቀረብነውን ማመልከቻ ውድቅ ያደረጉበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ከመንግሥት ቢሮ እንዲህ ያማረ የጉብኝት መጽሔት ይወጣል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ምስጋናዬን በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፦ ባንጊ በቀይ ሸክላ የተሠራ ካቴድራል፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ጀልባ የሚቀዘፍበት የኡባንጊ ወንዝ፣ ከከተማዋ ወጣ ሲሉም የቦአሊ ፏፏቴ እንዳላት፣ አመልካቹም በእነዚህ የባህል መስህቦች እየተዝናና እንደሚኖር ስላስረዱን እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ ከሌሎች ሙስሊሞች ጋር ተጨናንቆ ከተጠለለበት መስጊድ እስከ ሙዚየሙ ያለውን መንገድ ሙስሊም የሚያሳድዱ ገጀራ የያዙ ጎረምሶች ስለዘጉት፣ ሙዚየሙ በየትኞቹ ቀናት ክፍት እንደሆነ ሊያጣራልዎ አልቻለም። ይቅርታ ይደረግለት።

ሁለተኛ፦ ማስረጃ የሚመዝኑበት ዓይንዎ አይታመምብን። በእኛ ዘንድ ልጅ በሰው አገር ሲቸገር ችግሩን ለእናቱ አይልክም፤ ደህና ነኝ ብሎ ፎቶ ይልካል። አብዱልናስርም ከጦርነቱ በፊት በየዒዱ የጎረቤቱን ኮት እየተዋሰ፣ አንዴ ካቴድራሉ ፊት፣ አንዴ ወንዙ ዳር፣ አንዴም ፏፏቴው አጠገብ ቆሞ በፈገግታ ይነሣ ነበር። እናታችን ፎቶዎቹን ከከተማው ሌላ ዳር፣ ዳንደኖንግ ድረስ እየወሰደች ያላሳየችው ዘመድ የለም። ቢሮዎ የቤተሰብ ፎቶ አያይዙ ሲለን ያሉን እነዚያው ብቻ ነበሩና ሁሉንም አስገባሁ። በሁሉም ላይ ያው አንድ ኮት፣ እጅጌው ክንዱ ላይ የቀረ ኮት መሆኑን አልፈው ጥርሱን ብቻ በማየትዎ፣ ወንድሜ በአንድ ቀን ከስደተኛነት ወደ ቱሪስትነት አድጓል። ለእናቱ ብሎ የሳቀው ሳቅ በእርስዎ እጅ ፍርድ ሆኖበታል።

ሦስተኛ፦ ስጋት ካለው ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ሌላ የአገሪቱ ክፍል መዛወር ይችላል ብለዋል። መቼም ፏፏቴው አጠገብ አየሩ ይስማማዋል ብለው ይሆናል። ከሰፈሩ ለመውጣት የሞከሩት ጎረቤቶቹ መንገድ ላይ የደረሰባቸውን ልጽፍልዎ ጀምሬ ሰረዝኩት። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ምፀቱም አልቆብኛል፤ ፈርቻለሁ፤ እርስዎንም አብዝቼ ተቀይሜያለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እናቴ ውሳኔዎን አልሰማችም። ጉዳያችንን የያዙት ሰው ልባቸው ደግ ነው ብዬ ዋሽቻታለሁና ከየሶላቱ በኋላ ለእርስዎም ዱዓ ታደርጋለች። ዱዓው ሲደርስዎ እንደ ጉቦ ተቆጥሮ በማመልከቻችን ላይ ሌላ ጥፋት እንዳይጨምርብን፣ ውሳኔውም እንደገና እንዲታይልን በትሕትና እለምናለሁ።

በዚህ አጋጣሚ ልጆችዎ፣ ወንድም እህቶችዎና ወላጆችዎ ሁሉ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ እየተሰበሰቡ እንዲኖሩ፣ ማንም ሰው ፎቷቸውን አይቶ ደህና ናቸው ብሎ እንዳይፈርድባቸው አላህን እየለመንኩ፣ ለሥልጣንዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ ሳላጓድል እጅ የምነሣ፣

ሀጂራ፣ የአብዱልናስር እህት
ማሪቢርኖንግ፣ የካቲት 2006 ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ በደብዳቤዎ መጨረሻ የአመልካቹ ሁኔታ ከተለወጠ ሳልዘገይ እንዳሳውቅ አዘዋል። ይህን ከመላኬ በፊት ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው የማላውቀው ሰው ነው፤ ቋንቋውም አልገባኝም፤ የወንድሜን ስም ደጋግሜ ስጠራለት ስቆ ዘጋው። እንግዲህ በመመሪያው መሠረት ለእርስዎ አሳውቄያለሁ። ለእናቴ እንዴት እንደማሳውቃት ግን በመመሪያው ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።