የቅዳሜዋ ክፍል መሥራች ዕረፍትና በመቃብር ላይ የተሰጠው ሰርተፊኬት

እኛ የጠቅላላ ሕክምና ሠልጣኝ ሐኪሞች ማኅበር አባላት፣ የቅዳሜው ተጨማሪ ሥልጠና መሥራችና አስተማሪ የነበሩት አንጋፋ ሐኪማችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ማረፋቸውን የምንገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። ከሐዘኑ ጋር አንጀታችንን ያሳረረ ነገርም አለ፤ ሳንናገረው አናልፍም።

ሠልጣኞቻቸው «እንደገና» የሚል ቅጽል አውጥተውላቸው ነበር። ይህችን ቃል ሳይጠግብ ከእጃቸው የወጣ ሐኪም የለም።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፦ አንድ ሠልጣኝ በተመደበበት ጤና ጣቢያ፣ ተወልዶ ያልተነፈሰ ጨቅላ ታቅፎ የሚያደርገው ጠፍቶት መቆሙን ሰሙ። ያን ሰሞን ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ አጠገብ ያለችውን፣ መስኮቷ በእንፋሎት የሚሸፈን ጠባብ ክፍል ለምነው አስከፈቱና ሥልጠናውን ጀመሩ።

በተከታዮቹ ዓመታት፦ የነፍሰ ጡር አልትራሳውንድና መርዶ የማርዳት ትምህርት ጨመሩ። መርዶውን ሲያስተምሩ ራሳቸው ልጇ የሞተባት እናት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ሰዓቱን ሰርቆ ያየ ሠልጣኝ ካገኙ ከክፍል ያስወጡት ነበር።

ከአምስት ዓመት ወዲህ፦ የሆስፒታሉ የሥልጠና ክፍል ኃላፊዎች «የአሠልጣኝነት ሰርተፊኬት የለዎትም» ብለው ለትምህርቱ ዕውቅና ነፈጉት። በምትኩ ስልክ በጣት እየነካኩ የሚያልፉት ኮርስ አመጡ። ከመካከላችን አንዱ ምሳውን እየበላ የጨቅላ ነፍስ አድን ሰርተፊኬት ተቀብሎ ተነሣ። ጉድ ነው! እሳቸው ይህን ሲሰሙ «ለመሆኑ ሕፃኑ ተነፈሰ?» ብለው ጠየቁት። ሠልጣኙም በተከታዩ ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሞ መጣ።

በቀብራቸው ዕለት፦ አፈሩ ሳይደርቅ የሥልጠና ክፍሉ ኃላፊ ጥቁር መነጽር አድርገው ብቅ አሉና በመስታወት ፍሬም የገባ «የክብር አሠልጣኝ» ሰርተፊኬት ለሟች ታላቅ እህት አስረከቡ። እህታቸው ተቀብለው አዩትና «አሁን የት ሄዳ ታስተምርበት?» አሉ። ኃላፊው ግን ፎቶ አንሺውን «አንዴ ድገመው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አሉት። ኧረ ምን ዓይነት ዓይን አውጣነት ነው! ከዚህ የለዘበ ቃል አላገኘንም።

በማግስቱ፦ ክፍሏ ተቆለፈች፤ አሁን የአሮጌ ካርቶን ማከማቻ ናት። የስልኩ ኮርስ ደግሞ በእሳቸው ስም እንደሚጠራ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በሕይወት ሳሉ የናቁትን ሰው ሲሞቱ መለያ ማድረግ ነውር ነው። ስማቸው ከኮርሱ ላይ ይነሣ።

በሚቀጥለው ወር አዲሶቹ ሠልጣኞች ብቻቸውን ወደየጤና ጣቢያው ይሄዳሉ። አብዛኞቹ የአየር መስጫ ጭምብል በጨቅላ ፊት ላይ ገጥመው አያውቁም፤ ሰርተፊኬቱ ግን በየስልካቸው አለ። ለሚሞተው ሕፃን እናት ምን ሊያሳዩ ነው? ስለዚህ ትምህርቱ በዚህ ቅዳሜ ይቀጥላል። የሚያስተምሩት ከእሳቸው እጅ የወጡ ሐኪሞች ናቸው። ሰርተፊኬት አይሰጥም።

ለታላቅ እህታቸው፣ እንደ ልጅ ላሳደጓቸው የእህታቸው ልጆች፣ አብረዋቸው ለደከሙ አዋላጆችና ነርሶች መጽናናትን እንመኛለን። ለሥልጠና ክፍሉ ኃላፊዎች የምንመኘው መጽናናት የለም፤ የክፍሏን ቁልፍ እስከ ዓርብ ያስረክቡ።