የላላው ዳዶ

ሐርጌሳ፣ ኮድቡር
ረቡዕ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ

ውድ ብራዘር ገነነ፣

"አንተ" እያልኩ ነው የምጽፍልህ። ባለቤቴ ናይማ ከጎኔ ሆና "ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው አንቱ ነው የሚባለው" ትለኛለች። አዲስ አበባ ያደገች ሰው ምን ታድርግ። አንተ ድሬዳዋን ታውቃታለህ፤ እኛ ድሬ ላይ አንቱ የምንለው የተኳረፍነውን ሰው ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት ስደውልልህ የምነግርህ ነገር ነበረኝ። ከመደወሌ በፊት ሦስት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። አንተ ግን ገና ድምፄን ስትሰማ "ፉዓድ፣ ያ ሞርሳ አሁንም ይንቀጠቀጣል?" አልከኝ። ከዚያ ብረት ጨብጦ ስለሚይዝልን ስለ ሞርሳው አወራን፣ ስለ ቆዳ ማጣበቂያ አወራን፣ ስለ ወገብህ አወራን፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ። ስልኩን ስዘጋው የተለማመድኩት ነገር እንዳለ ሳይነገር ቀርቷል። ምላሴ እምቢ ካለ እጄ ይሞክረው ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ሐጅ ልሄድ ነው፣ ብራዘር። በረራችን የሚቀጥለው ሐሙስ ነው። የእኛን ወግ ታውቃለህ፤ ለሐጅ የሚነሳ ሰው የበደላቸውን ሰዎች እየዞረ "አፉ በሉኝ" ይላል። አላህ የራሱን ይምራል፣ የሰውን ሐቅ ግን የሚምረው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ በባጃጅ ሐርጌሳን ስዞር ሰነበትኩ። በአጥር የተጣላሁት ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ፣ ለቅሶ የቀረሁባት አክስቴ ዘንድ ሄድኩ፣ በንዴት ያባረርኩትን በያጅ ፍለጋ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ድረስ ሄድኩ። ሁሉም አፉ አሉኝ። አቦ፣ ይቅርታ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ እስክል ድረስ። የአንተን ስም ግን ከእነሱ ጋር አልቆጠርኩትም ነበር። ለምን እንዳልቆጠርኩት ትንሽ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሰው ይሆን? ማትሪክ ወድቄ ቀፊራ ገበያ ስዞር መዋሌ የሰለቸው አባቴ እጄን ይዞ ካቶሊክ ሚሲዮኑ ግቢ፣ ሰው ሠራሽ እግር ወደምትሠራበት ወርክሾፕ አመጣኝ። "እኛ እንኳን ሙስሊሞች ነን" ብሎ ሊጀምር ሲል አንተ "አንድ ቦታ መቀመጥ ይችላል?" ብለህ ጠየቅከው። ከዚያ አንድ ቁራጭ ብረትና ሞረድ ሰጥተህ፣ ጎኑ ሁሉ እኩል እስኪሆን ሞርድ አልከኝ። አንድ ወር ሞረድኩ። መዶሻ እንኳን አንገቱን አንቄ ነበር የምይዘው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቅቀህ ወደ እጀታው ጫፍ ያወረድክልኝ አንተ ነህ። ብሎን ስናስር ዳዶው ከእጃችን ቢወድቅ አትቆጣም። "ዳዶ የጣለ ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ነው፤ ሂድ ውሃ ጠጥተህ ና" ትል ነበር። አንተ ራስህ ስትጥል በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አላየሁም።

በረመዳን ግን "ውሃ ጠጥተህ ና" አትልም። ከባዱን ሥራ ወደ ጧት ታዞረዋለህ፤ ሲጠማህም እኛ እንዳናይህ ከመጋዘኑ ጀርባ ሄደህ ትጠጣለህ። እናይህ ነበር።

ደግሞ አንድ ቀን በዚያ በጥጋብ አፌ "ትምህርቱ ከብዶህ ነው ቄስ ያልሆንከው?" አልኩህ። ሌሎቹ አባቶች ሲቀድሱና ሰው እጃቸውን ሲስም አያለሁ፤ አንተ የሲስተሮቹን የልብስ ማጠቢያ ስትፈታ፣ የትምህርት ቤቱን ወንበር ስትመታ፣ ሰው ሲሞት ሳጥን ስትሠራ ትውላለህ። "አባ" ብሎ የጠራህን ሁሉ "አባ አይደለሁም፣ ብራዘር ነኝ" ብለህ ታርማለህ። ያን ቀን ሳቅክና "የሚቀድስ አለን። በሩ ሲጮህ ዘይት የሚያጠጣውስ ማን ይሁን?" አልከኝ። ያኔ መልስ ያጠረህ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዙሪያዋን ስዞር ኖሬያለሁ።

ይህን ወርክሾፕ ልከፍት ስል ቤቱንና ማሽኑን የሰጠኝ ሐጂ ቡራሌ የሚባል ነጋዴ ነው። እግር ላጡ ሰዎች እግር የሚሠራ የአገር ልጅ ተገኘ ብሎ ለከተማው ሁሉ አውርቶልኛል። ምረቃው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሠራኋቸው ጉልበቶች አንዳቸውም ሰው አልሸከም አሉ። መኪና ገጭቷት እግሯ ከጉልበቷ በላይ የተቆረጠው የዐሥር ዓመቷ ኢፍቲን በቆመች ቁጥር እየታጠፈባት ታለቅሳለች። ሌላ ማን ነበረኝ? ደወልኩልህ። አለቃህን አስፈቅደህ፣ የመሣሪያ ሳጥንህን ይዘህ፣ በወጃሌ ድንበር በኩል በሦስተኛው ቀን ደረስክ። ቤቴ እደር ብልህ "ሥራው አጠገብ ይሻለኛል" ብለህ ዐሥራ አንድ ቀን ወርክሾፑ ወለል ላይ ተኛህ። ጉልበቶቹን አንድ በአንድ ፈተህ እንደገና ሠራሃቸው። ኢፍቲን ቆመች።

የምረቃው ቀን እንግዶቹ ወደ ምሳ ሲያልፉ የግቢው ቧንቧ ውሃ የለውም። አንተ በዚያ ሰማያዊ ቱታህ፣ ጄሶ እስከ ክርንህ ተለጥፎብህ፣ በጆግ ውሃ እጅህን ልትታጠብ ቆመሃል። ከኋላ ከመሐመድ ሞጌ የመጡት አበሻ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ሐጂ ቡራሌ ከእነሱ አንዱ አድርጎ አየህ። "ሠራተኛህ ነው አይደል? ውሃ ያፍስስልን" አለኝ። አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃው። መምህሬ ነው ብል ያልቅ ነበር። እኔ ግን "አዎ" አልኩ። ከዚያ ወደ አንተ ዞሬ "አንተ፣ ውሃ አምጣ" አልኩህ። ሕይወቴን ሙሉ አንተ ስልህ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ግን ብዬህ አላውቅም። አንድ ጊዜ አየኸኝና ጆጉን ይዘህ መጣህ።

ሐጂ ቡራሌን አስታጠብክ። ከእሱ ጋር የመጡትን አስታጠብክ። ተራው የእኔ ሲሆን እጄን ዘረጋሁ። ወላሂ፣ ዘረጋሁት። ውሃውን እያፈሰስክ በቀስታ በአማርኛ "የኢፍቲን ጉልበት ላይ ያለው ዳዶ ላልቷል፤ ከመቆሟ በፊት ልግባና ላጥብቀው?" አልከኝ። እሷ ፊት ለፊት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። የቀን ሠራተኛ ያልኩት ሰው ገብቶ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ሥራዬን ሊያርም ነው። "በኋላ" አልኩህ። ከሁሉም የምትከብደኝ እሷ "በኋላ" ናት። አንተ ተዋርደህ ቆመህ የምታስበው ስለ ልጅቷ ነበር፤ እኔ ተከብሬ ቆሜ ስለ ራሴ።

ከምሳ በኋላ ኢፍቲን እንድትራመድ ተጠራች። ሦስት እርምጃ ሄደች። በአራተኛው ጉልበቱ ታጠፈና በአገጯ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ደሙን እያየሁ ከቦታዬ አልተነሳሁም። አንተ የዳዶ መፍቻ ይዘህ ከኋላ መጣህ፣ ተንበረከክህ፣ አጠበቅከው፣ አስነሳሃት፣ ልጅቷም አገጯን በጨርቅ ይዛ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። ጭብጨባው ለእኔ ነበር። ሐጂ ቡራሌ ተገርሞ "ይህን ሰውዬ ከየት አገኘኸው?" አለኝ። እኔም፣ አንተ እዚያው እግሬ ሥር መሣሪያህን እየሰበሰብክ፣ በሶማሊኛ "እኔ ነኝ ያሰለጠንኩት፤ ሲመጣ መዶሻ እንኳን መያዝ አያውቅም ነበር" አልኩት።

በቅሎን "አባትሽ ማነው?" ቢሏት "ፈረስ አጎቴ ነው" አለች ይባላል። ትስቅ ይሆናል፤ አንተን አህያ ማለቴ አይደለም። እኔ ግን በቅሎ ነበርኩ። ኋላ ላይ ለራሴ የማወራው ሰበብ ነበረኝ፤ የሚሲዮን ሰው ነው ብል ወሬ ይነሳል፣ ለእሱም ደኅንነት ብዬ ነው እያልኩ። ውሸት ነው። ሐጂ ቡራሌ ራሱ በልጅነቱ ዓደን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። ፍርሃት አልነበረም፣ ኩራት ነው። በማግስቱ እንኳን ወደ መኪናው አልሸኘሁህም፤ እንግዳ አለብኝ ብዬ ባጃጅ ላክሁልህ። ከዚያ ወዲህ በየዒዱ አንተ ነህ የምትደውለው፣ እኔ ነኝ ቶሎ የምዘጋው።

ስምህን ከሌሎቹ ጋር ያልቆጠርኩት ለምን እንደሆነ እነሆ፦ ሶማሊኛ አይሰማም ብዬ ነው። ድሬ ሳለሁ ሶማሊ ሕመምተኛ ሲመጣ የማስተረጉምልህ እኔ ነበርኩ፤ "ናባድ" ከሚል ሰላምታ ያለፈ ከአፍህ ሰምቼ አላውቅም። ያልሰማውን ሰው ምን ብዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አልኩ። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ተኝቻለሁ።

ቅዳሜ ኢፍቲን ዘንድ ሄድኩ፤ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ነው ቤታቸው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እያደገች ስትሄድ እግሯን ሦስት ጊዜ ቀይሬላታለሁ፣ ሦስቱንም በአንተ ልክ። አገጯ ላይ ጠባሳው አለ። ዳዶው መላላቱን እያወቅኩ እንዳስቆምኳት ነግሬያት "አፉ በይኝ" አልኳት። አፉ አለችኝ። ከዚያ እንደ አጎት ጠርታ "አዴር ፉዓድ፣ ያ ሽማግሌስ?" አለችኝ።

እሱ እንኳን የተባለውን አልሰማም፣ ሶማሊኛ አያውቅም አልኳት። ሳቀች። "ዐሥራ አንድ ቀን ከእኔ ጋር በምን ያወራ መሰለህ? እንዳንተው በድሬዳዋ ሶማሊኛ ነው የሚናገረው። የሚያስተረጉምለት ልጅ ሐርጌሳ ሲሄድበት ከሕመምተኞቹ እንደተማረ ነግሮኛል" አለችኝ። የሚያስተረጉምልህ ልጅ እኔ ነኝ። አንተ ስትንበረከክ፣ ሐጂ ቡራሌ ገና ከመጠየቁ በፊት፣ ሰዉ "ፉዓድ ያስተማረው ነው" ሲባባል ሰምታ "እውነት እሱ ነው ያስተማረህ?" ብላ በሹክሹክታ ጠይቃሃለች። አንተም "ቁሚ እስቲ። አንቺ ከቆምሽ ማን ማንን እንዳስተማረ ምን ያደርግልሻል?" አልካት።

እዚህ ላይ ብታበቃልኝ ይሻለኝ ነበር። ግን ጨመረች። "ሲያጠብቅልኝ ዳዶው ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ" አለችኝ።

ብራዘር፣ ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም። ሁለት ጊዜ። በአምስት ዓመት አንድ ቀን ያልጣልከው ሰው። ወደ ቤቴ በእግሬ ነው የተመለስኩት፣ መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ባጃጆቹ ጥሩምባ እየነፉብኝ። ውርደት የማይሰማህ ሰው አድርጌ ነበር የማስብህ። ትሑት ነው፣ አይጎዳውም፣ የለመደው ነው እያልኩ። ለካ እንደማንኛችንም ያምህ ነበር።

ትናንት ሐጂ ቡራሌ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። መዶሻ መያዝ የማያውቀውን ሠራተኛ ፉዓድ እንዴት እንዳሰለጠነው በየሰርጉና በየለቅሶው ሲያወራ የኖረ ሰው ነው። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። መስጊድ ሲጠራ መቁጠሪያውን አስቀመጠ። ከዚያ "ስሙ ማን ይባላል?" አለኝ። ገነነ አልኩት። "ውሃ ያፈሰሰልኝን ሰው ፊቱን አላየሁትም" አለና ለሰላት ተነሣ። ዛሬ ጧት ደግሞ ሠራተኞቼን ሰብስቤ እዚህ ያለውን ጉልበት ሁሉ ያስተማረኝ ማን እንደሆነ ነገርኳቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔስ ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት።

ነገ ጧት በመጀመሪያው መኪና በወጃሌ በኩል ወደ ድሬ እነሣለሁ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጠውም፣ እኔው ይዤው እመጣለሁ። ስንገናኝ ስለ ሞርሳው እንደምትጠይቀኝ፣ እኔም እንደምመልስልህ ስለማውቅ፣ ከሰላምታ በፊት እጅህ ላይ አኖረዋለሁ። መነጽርህን አድርገህ እዚያው አንብበው። እኔ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ "ምንም አይደል" አትበለኝ። ለተሰበረ ወንበርም ለተቃጠለ ሞተርም ምንም አይደል የምትል ሰው ነህ፣ እኔ ግን በእሷ አልመለስም። ካመመህ አሞኛል በለኝ። ከዚያ አፉ ካልከኝ እሄዳለሁ፤ ካላልከኝም አውሮፕላኑ ያለ እኔ ይሂድ፣ እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ ከአንተ ተምሬያለሁ።

አንብበህ ስትጨርስ የምሳ ሰዓት ይደርሳል። ጆጉን እኔ ነኝ የምይዘው። አንተ እጅህን ብቻ ዘርጋ።

አንተ ያስተማርከው፣
ፉዓድ