ከሁለቱ አንዷን ምረጡ ስለተባልንበት መድኃኒት

ለመድኃኒት ሙከራ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ ኅዳር 9
ጉዳዩ፦ የእህቴ ሁለት ልጆች ወደ መድኃኒት ሙከራው አብረው እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

እኔ አመልካቿ ከክሊኒኩ በር ፊት ለፊት ያለው ስፌት ቤት ባለቤት ነኝ። የጋዋንዎን እጅጌ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር ሳይሆን ማን እንደሚጽፍልዎ እንዲያውቁ ብዬ ነው።

1. የእህቴ ልጆች፣ ትልቋም ትንሿም፣ ከአባታቸው የወረሱት የሚጥል በሽታ አለባቸው። ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ በአንጎል ሕዋስ ግድግዳ ላይ ለፖታሲየም ብቻ የሚከፈት በር አለ፤ ፖታሲየሙ በዚያ ሲወጣ የተቆጣው ሕዋስ ይበርዳል። በእኛ ልጆች ይህ በር በደንብ አይከፈትም። አዲሱ እንክብል ደግሞ በሩን ከፍቶ እንዲይዝ የተሠራ ነው። እህቴ “ታዲያ ሙዝ ባበላቸውስ?” ብትላቸው፣ ሐኪሙ ስቀው “እናቴ፣ ፖታሲየሙማ ሞልቷል፤ እምቢ ያለው በሩ ነው” አሏት። አሳሳቃቸውን ወደድነውና ፈረምን።

2. ለየራሳቸው ብልቃጥ ተሰጣቸው። አንዳንዱ ብልቃጥ ለማነጻጸሪያ የሚሰጥ፣ መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል እንደሚይዝ፣ የትኛው ለማን እንደደረሰ ግን ሐኪሙም እንደማያውቁ ተነገረን። እውነቱን ለመናገር አላመንኩም። እኔ እንኳ ከተቆለለ ጨርቅ መሀል የማን የቱ እንደሆነ አውቃለሁ። እውነተኛው መድኃኒት ሽንት ሊይዝ ይችላል ተብለን ነበርና፣ ነርሷ ትልቋን “ሽንት እምቢ ይልሻል?” እያለች ስትመላለስባት፣ ትንሿን ግን አንዴ ብቻ ጠይቃ ስታልፋት፣ “አውቀዋል” አልኩ። ሐኪሙ በጥቁር መኪና ከመጣ ሰው ጋር ሲሳሳቁ በመስኮቴ ሳይ ደግሞ “ይኸው፣ የመድኃኒቱ ባለ ፋብሪካ መጣ” አልኩ። የሚስታቸው ወንድም መሆኑን በኋላ ሰምቻለሁ። ለአማች ያ ሁሉ ሳቅ ለምን እንዳስፈለገ ግን እስካሁን አልገባኝም።

3. ትልቋ መውደቅ አቆመች። ሰው ሳይጠብቃት ደረጃ ወጣች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በር ቆልፋ ገላዋን ታጠበች። ትንሿ ግን እንደ ወትሮዋ ትወድቃለች። “ባዶው ለእኔ ደርሶ ነው አይደል?” እያለች የእናቷን ዓይን ዓይን ታይ ጀመር። እህቴ ብርቱካን እንኳ ስታካፍል ፍሬውን ቆጥራ ነው፤ አንዷን ስትገርፍ ሌላዋንም ቆንጠጥ ሳታደርግ አታልፍም ነበር። ሁለቱን ብልቃጥ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጠች፤ አደባለቀችና እኩል ማደል ጀመረች። ለእኔም፣ ለልጆቹም ትንፍሽ አላለችም።

4. ብዙም ሳይቆይ ትልቋ ደረጃ ላይ ወድቃ የፊት ጥርሷ ተሰበረ። የደም ምርመራውም በምስጢር መዝገቡ ላይ ለየራሳቸው ከተጻፈው ጋር አልገጥም አለ። የክሊኒኩ ሰዎች ጠርተው “ሸጣችሁት ይሆን?” ብለው ጠየቁን። ለካ እኛ እነሱን በመስኮት ስንሰልል፣ እነሱም እኛን ሲጠረጥሩ ከርመዋል። እህቴ ቆርቆሮውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና “ሁለቱም ከአንድ ሆድ ነው የወጡት” አለች። ያደረገችው ሙከራውን የሚያበላሽ፣ ለልጆቹም አደገኛ እንደነበር አምነን ይቅርታ ጠይቀናል።

5. ባለፈው ሳምንት የተነገረን ውሳኔ ግን ከጥፋቷ የከፋ ሆኖ አግኝተነዋል። መድኃኒቱ ከሁለቱም ተቋርጧል። አንድ ቤት የሚያድሩ እህትማማቾች እንክብል ስለሚቀያየሩ አንዷ ብቻ ትመለስ፣ የትኛዋ እንደሆነች እናት መርጣ ትፈርም ተባልን። ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ነገር ፈተና ይሆን? የምትመርጣትን አይታችሁ የልቧን ልታውቁባት? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጆቹ ከበሽታው እንዳልዳኑ ሁሉ እኔም ከመጠርጠር ገና አልዳንኩም።

ትልቋ “እሷ ትግባ፣ እኔስ ቀምሼዋለሁ” ትላለች። ትንሿ “ዝም በይ አንቺ ወላቃ፣ መጀመሪያ ጥርስሽን አስተክይ” ትላታለች። ሁለቱ ሲሳሳቁ እናታቸው ውጪ ወጥታ ትቆማለች።

ስለሆነም ሁለቱም አብረው እንዲመለሱ፣ ለሁለቱም እውነተኛው መድኃኒት እንዲሰጣቸው፣ የሙከራው ደንብ ይህን የማይፈቅድ ከሆነም በልዩ ፈቃድ በሐኪም ክትትል ሥር እንዲያገኙት በትሕትና እጠይቃለሁ። እንክብሉ ቤታችን አይግባ። ጠዋትም ማታም ልጆቹን እኔ ራሴ መንገዱን አሻግሬ አመጣለሁ፤ በነርሷ ፊት ይዋጡ፣ አፋቸውንም ከፍተው ያሳዩ። የእኔም አፍ ይታይ ከተባለ እከፍታለሁ።

ይህ ሳይሆን ቀርቶ አንድ ብልቃጥ ብቻ ከተሰጠን ግን፣ በኋላ ደበቁን እንዳይባል ከአሁኑ አስታውቃለሁ፦ እህቴ እያንዳንዱን እንክብል ለሁለት ትከፍለዋለች። መቀሱን የማቀብላት እኔ ነኝ።

ከአክብሮትና ከጎረቤት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የልጆቹ አክስት፣ ልብስ ሰፊዋ
በሰፈሩ አጠራር “መርፌ”