ስለ ሆዴ የተወራበት ዓመት

ጥር 6 ቀን 1979፣ ኮምቦልቻ

እስከ ሰባት ሰዓት ስልክ ማዞሪያው ላይ። የደሴው መስመር ሲቆራረጥ ዋለ። ምሳ ሁለቴ ቆርሼ ጠገብኩ... ደግሞ! ከሰዓት በኋላ አስመለሰኝ። የወጣው የትናንቱ ምስር ነው። እንዴት ሙሉ ቀን ሆዴ ውስጥ ይቀመጣል? ከስኳር በሽታ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ፣ መርፌውንም ለምጄዋለሁ። ይሄን ግን አላውቀውም።

ጥር 13

አጠገቤ የምትሠራው አረጋሽ፣ "ስንት ወርሽ ነው?" አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ ሆዴን እያየች ነው። ተነፍቶ ቀሚሴን ወጥሮታል። ጠዋት ጠዋት ማስመለስ፣ የተነፋ ሆድ፣ ባል የለም... እኔስ ብሆን ምን እል ነበር? ሳቅሁና ሳልመልስላት ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩ። መሳቄ ነው የፈጀኝ፤ እንዳመንኩ ቆጥራዋለች።

ጥር 21

ወደቅሁ። መርፌውን ተወግቼ የበላሁት ስለወጣ ስኳሬ ወርዶ። ያገኙኝ የቤት አከራዬ እትዬ መዲና ናቸው፣ በሩ ላይ። ስኳር በውኃ በጥብጠው በማንኪያ አጠጡኝ። ስነቃ ራሴ ጭናቸው ላይ ነው። "ያ አላህ፣ ያ አላህ" ይላሉ።

"እትዬ፣ እርጉዝ አይደለሁም" አልኳቸው። ሌላ የምለው አጣሁ?

"ብትሆኚስ? ጥዬሽ ልሄድ ኖሯል እንዴ?"

ለቅሶዬን ማቆም አቃተኝ።

ጥር 30

አባባ ከኩታበር መጡ። ወሬው እዚያ ደርሷል። አልተቀመጡም።

"ማነው?"

"ማንም የለም አባባ።"

ዐይናቸው ሆዴ ላይ... እትዬ መዲና ገቡ። "አቶ ሞላ፣ ወላሂ ልጅዎ ታማለች። ሰኞ ደሴ ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው። ይምጡና በጆሮዎ ይስሙ።" አባባ ዱላቸውን አንስተው ወጡ። ይመጡ ይሆን?

የካቲት 2፣ ደሴ

መጡ! ከእትዬ መዲና ጋር ሦስታችን ተሳፈርን። አውቶቡሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ሦስቴ አስመለሰኝ። አባባ በጋቢያቸው ጫፍ አፌን ጠረጉልኝ።

ሐኪሙ ኩባዊ ነው፤ የምታስተረጉመው ነርሷ ለይላ። ሆዴን ነካካ። የደም ግፊቴን ተኝቼም ቆሜም ለካ፤ ስቆም በጣም ይወርዳል። "ስኳሩ ሲቆይ ነርቭ ይጎዳል" አለችኝ ለይላ። "የእግርን ብቻ አይደለም፤ ጨጓራን የሚያንቀሳቅሰውንም። ምግቡን ወደ ታች የሚገፋው ስለደከመ እዚያው ይቀመጣል።"

እኔ እኮ የምሰጋው ለእግሬ ብቻ ነበር...

"ይድናል?" አሉ አባባ።

ለይላ ጠየቀችው። ያለውን ተረጎመችልን። "አይድንም፤ ግን አብራው መኖር ትችላለች።"

ቀጭን ምግብ፣ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ስድስት ጊዜ። ገለባ ያለው ነገር የለም። በልቶ ወዲያው መተኛት የለም። ከምግብ በፊት አንዲት ክኒን። የመርፌዬም ሰዓት ተቀየረ።

ስንወጣ አባባ፣ "ይቅር በይኝ" አሉኝ። እኔን? አባቴ፣ እኔን?

መጋቢት 8፣ ኮምቦልቻ

ጾም ነው። የነፍስ አባቴ አባ ገብረ ማርያም፣ "ወተቱን ጠጪ፣ መድኃኒትሽ ነው" አሉኝ። እትዬ መዲና ጠዋት የአጃ አጥሚት፣ ከሰዓት የተጠለለ የድንች ሾርባ ያቀርቡልኛል። ከቀበሌ በራሽን የሚደርሰኝን ስኳር ለልጆቻቸው ስሰጣቸው፣ "ትንሽ አስቀሪ፣ የወደቅሽ ቀን እንዳንቸገር" ይሉኛል። ሁለት ቀን ደህና እሆናለሁ፣ ሦስተኛው ቀን ይመለስብኛል። ይሁን። ተመስገን።

አረጋሽ ይቅርታ አላለችኝም። ልበላ ስነሳ ግን ሳልጠይቃት መስመሬን ትይዝልኛለች። ይበቃኛል።

ሚያዝያ 11፣ ኩታበር

ፋሲካ። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። አክስቴ አትጠገብ ትልቅ ጉርሻ ይዘው "በሞቴ!" አሉኝ። አልችልም ስል ፊታቸው ጠቆረ። ከጥግ አንዱ፣ "እንግዲህ የተወራው..." ብሎ ጀመረ።

አባባ ተነሡ። ስለ ሆድ፣ ያውም ስለ ሴት ልጅ ሆድ፣ በሰው ፊት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። "የልጄ የጨጓራዋ ነርቭ ደክሟል። ስኳሩ ነው።" ነርቭ የሚለውን እንዳይሳሳቱ ቀስ ብለው። "ሐኪሙ ሲናገር ቆሜ ሰምቻለሁ። የምትችለውን የምታውቀው እሷ ናት። ማንም እንዳያስገድዳት።"

ቁጭ ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ። አክስቴ ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት። ሁላችንም ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ወጥቼ ትንሽ አስመለሰኝ። አልተደበቅሁም።