የቀሩት ሦስት

ኅዳር 3
ልብስ አጠብኩ። አንሶላው አልደረቀም። ከሰዓት በኋላ ከወሊድ ክሊኒኩ ደብዳቤ መጣ። ልጄን ጉንጬን ባረገዝኩ ጊዜ ከማህፀን ውጭ ተዘጋጅተው የተረፉት ሦስት ፅንሶች አሁንም በረዶ ውስጥ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት! ከእንግዲህ አናቆይም ይላሉ። ወይ ይወገዱ፣ ወይ ለምርምር ይሰጡ… እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። ባለቤቴ በሕይወት የለም። መልሱ የእኔ ብቻ ነው።

ጉንጬ ከሞተች ስምንት ወሯ።

ኅዳር 5
እህቴ ደወለች። "በዚህ ዕድሜሽ ልታረግዢ አማረሽ እንዴ?" አለች። ሳቅን።
ለማርገዝ አስቤ ነበር… ለማን ይነገራል?

ኅዳር 9
ምርምሩ የሚሠራበት ሄድኩ። ተመራማሪዋ ልጅ እግር ናት። እማማ ትለኛለች። ሃምሳ እንኳ አልሞላኝም… ሐዘን ያስረጃል መሰለኝ።
"ውስጣቸው ያሉት ሴሎች ገና ምንም አልሆኑም" አለች። "ልብም፣ ነርቭም፣ ቆዳም ሊሆኑ ይችላሉ። በምንሰጣቸው ምግብ እንመራቸዋለን።"
"ልጅስ?"
"ልጅ አይሆኑም፣ እማማ። ሴሎቹን ስናወጣ ፅንሱ ይፈርሳል። ይህን ሳልነግርዎ አላስፈርምዎትም።"
ስለማትዋሽ ወደድኳት።
ከሌላ ሰው ፅንስ የወጡ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። የልብ ሴሎች ናቸው። ተጠጋግተው ይመታሉ… ማንም ሳያዛቸው። በየቀኑ ይመገባሉ፣ እሁድም አይቀርም። "ባሌ 'ጡት ታጠቢያለሽ እንዴ?' ይለኛል" አለች።
"የእኔዎቹ ምን እንደሆኑ ትነግሪኛለሽ?"
"አይቻልም። ስምዎ ይነሣና ቁጥር ብቻ ይቀራል። ያኔ የማን እንደሆኑ እኔም አላውቅም።"
ሳልፈርም ወጣሁ።

ኅዳር 10
ካላወቅኩ ምን ያደርግልኛል?

ኅዳር 17
የጉንጬን ደብተሮች አየሁ። አንዱ ላይ ሹፌር እሆናለሁ ትላለች። ሌላው ላይ ዳኛ። በመጨረሻው ላይ ዋናተኛ… ውኃ ትፈራ የነበረች ልጅ! የቱን ትሆን ነበር? ይህንንም አላውቅም። እያላወቅኩም አሳደግኳት።
ይወገዱ የሚለውን ቃል ግን ደግሜ ማንበብ አልቻልኩም።

ኅዳር 24
እህቴ አብራኝ ሄደች። መንገድ ላይ እጄን ይዛኝ ነበር፣ እንደ ልጅነታችን።
ለምርምር ይሰጡ በሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ከፊርማው በፊት ስም ይጻፉ ይላል፣ ጻፍኩ። ከሥሩ "ያለዎት ድርሻ" የሚል መስመር አለ። እናት ብዬ ጻፍኩ።
እህቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "ለጋሽ በዪ እንጂ፣ አንቺ!"
ተመራማሪዋ ወረቀቱን ወስዳ አነበበች። ሌላ ፎርም ታመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አላመጣችም። ማህተሙን ከቃሉ ጎን መታችበት።
ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ያንን ቃል የትም አልጻፍኩም ነበር።